ግማሽ ግንባሩ የጠፋው በያጅ

ጋሽ ፍንጣሪ ከእሳት በቀር የማይፈራው ነገር የለም። ቀኑን ሙሉ ብረት በሚያቀልጥ ብርሃን ፊት ተንበርክኮ ሲውል ልቡ ንቅንቅ አይልም፤ ማታ ቤቱ ሲገባ ግን በረሮ ካየ ወንበር ላይ ይወጣል። ውሻ ይፈራል፣ ሊፍት ይፈራል፣ የማያውቀው ስልክ ሲደወልለት ስልኩን ለሚስቱ አቀብሎ ጓዳ ይገባል። የመርፌውማ አይነሳ። አንድ ጊዜ ሚስቱ የሸሚዙን ቁልፍ ልትተክልለት መርፌ ብታነሳ፣ «ቆይ፣ መጀመሪያ እኔ ከውስጡ ልውጣ!» ብሎ እንደሮጠ ሰፈሩ በሙሉ ያወራል። ወሬውን ያወጣችው ሚስቱ ራሷ ናት።

ፍንጣሪ የሚለውን ስም የሰጡት የሥራ ባልደረቦቹ ናቸው። አጭር፣ ቀጭን፣ አርፎ መቀመጥ የማይሆንለት፣ ከወዲያ ሲጠሩት ከወዲህ ተስፈንጥሮ የሚመጣ ሰው ነው። እናቱ ያወጣችለትን ስም ዛሬ የሚያውቀው መታወቂያው ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን በሙሉ ልብ አይደለም። ሙያው ብየዳ ነው፤ በር፣ የመስኮት ፍርግርግ፣ የደረጃ መደገፊያ ይሠራል። ሥራው ከመጥበቁ የተነሳ፣ እሱ በር የሠራለት ሰው ቁልፍ ከጠፋበት በሩን ከመስበር ሌላ ቤት መሥራት ይቀለዋል ይባላል።

እሱ በሚሠራበት ዎርክሾፕ ግድግዳ ላይ፣ በምስማር የተንጠለጠለ ክብ ማግኔት አለ። ከተበላሸ ድምፅ ማጉያ ውስጥ የወጣ ነው። ይህ ማግኔት የዎርክሾፑ የዓይን ክሊኒክ ነው። ግራይንደሩ ብረት ሲበላ ቅንጣት ተወርውራ የሰው ዓይን ውስጥ ከገባች፣ ተጎጂው የሥራ ጠረጴዛው ላይ ይጋደማል። መዶሻው የሚሉት ግዙፍ ባልደረባቸው በአውራ ጣቱ የዓይኑን ቆብ ይገለብጥና ማግኔቱን ያንዣብብበታል። ከዚያ «ወጣ!» ይላል፤ ሕክምናው አበቃ። ከዓመታት በፊት ጋሽ ፍንጣሪም በዚሁ ጠረጴዛ ላይ ተጋድሞ ታክሟል። መዶሻው «ወጣ!» አለ። ምን እንደወጣ ግን ያየ የለም፤ ማግኔቱ ከመነሻውም የብረት ዱቄት ጢም አብቅሎ ስለነበር፣ የትኛው ፀጉር ከጋሽ ፍንጣሪ ዓይን እንደመጣ የሚለይ ባለሙያ አልተገኘም።

ታዲያ አንድ ቀን ረፋድ ላይ በግራ እጁ የያዘው የብየዳ ማስክ ከእጁ ወደቀ። አነሳው። ደግሞ ወደቀ። እጁን አገላብጦ አየው፤ የራሱ እጅ ነው፣ ጣቶቹም ሙሉ ናቸው፤ ግን እንደተኮራረፈ ጎረቤት ሲጠሩት አይሰማም። ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት ራሱን ያመው ጀመር።

ለማንም አልተነፈሰም። የፈራውን ነገር በስሙ ያውቀዋላ! ታላቅ ወንድሙ እንዲሁ «ራሴን፣ ራሴን» ሲል ከርሞ፣ ከሥራ መልስ ሶፋ ላይ ጋደም እንዳለ በዚያው ቀርቷል። «ጭንቅላቱ ውስጥ እባጭ ነበረበት» ተባለ። ማን እንዳለ አይታወቅም፤ ብቻ ተባለ። ጋሽ ፍንጣሪ አሁን ወንድሙ በሞተበት ዕድሜ ላይ ነው። እባጩ ከወንድሙ ተነስቶ፣ ሰፈር ለሰፈር አድራሻ እያጠያየቀ፣ በመጨረሻ የሱን በር እንዳገኘው አልተጠራጠረም። እሱ የሠራው በር ደግሞ ሌባን እንጂ እባጭን አይመልስም።

ሚስቱን ሰፈሩ እትዬ ዳኛ ይላታል፤ የሰፈሩ ጠብ ሁሉ ማብቂያው የሷ በረንዳ ነው፤ ከዚያ በላይ ይግባኝ የለም። አንድ ቀን ቁርስ ላይ የሻይ ብርጭቆው ከእጁ ወድቆ ሲሰበር ትኩር ብላ አየችው።

«ምን ሆነህ ነው?»

«ብርጭቆው ያንሸራትታል።»

«ትናንት ሳህኑ ነበር ያንሸራተተው። ከትናንት ወዲያ ማንኪያው። እዚህ ቤት የማያንሸራትት ዕቃ አልጋው ብቻ ቀረ።»

«ደክሞኝ ነው ባክሽ።»

«ራስህንም ያምሃል።»

«ማን ነገረሽ?»

«አንተው። ነቅተህ የምትደብቀውን ተኝተህ ስታቃስተው ታድራለህ። ተነስ፣ ጫማህን አድርግ።»

ሐኪም ጉልበቱን በትንሽ መዶሻ ኮረኮመው፣ ጣቱን ተከተል አለው፣ እጄን ጨብጠው አለው። የግራ እጁን ጭብጥ ሲያይ ፊቱ ትንሽ ጠቆር አለና «ጭንቅላትዎን በኤምአርአይ እንየው» አለ።

ዎርክሾፑ አጠገብ ባለው ሻይ ቤት የኤምአርአይን ነገር የማያውቅ ሰው አልነበረም፤ አንዳቸውም ግን አይቶት አያውቅም። አንዱ «ክፍል የሚያህል ማግኔት ነው፤ ውስጡ ያስገቡሃል፣ እንደ ዳቦ» አለ። ሌላው፣ የሆስፒታሉ ጥበቃ በማሽኑ ክፍል በር ባለፈ ቁጥር የቀበቶው ዘለበት ወደ ማሽኑ ጎንበስ ብሎ ሰላምታ እንደሚሰጥ መሰከረ። መዶሻው ደግሞ ሻዩን ፉት ብሎ፣

«አንዱን ሰውዬ ኪሱ ውስጥ በረሳው ቁልፍ ይዞ ሳበው» አለ። «ከግድግዳው የላጡት በአካፋ ነው።»

ሁሉም ሳቁ። ጋሽ ፍንጣሪ አልሳቀም። ሰዎቹ ሲበተኑ የመዶሻውን ክንድ ያዘ።

«ስማኝማ። ያኔ ከዓይኔ ያወጣኸው ነገር… እውነት ወጥቷል?»

መዶሻው አሰበ። መዶሻው አያስብም ነበር፤ ሲያስብ ማየቱ ራሱ ያስደነግጣል።

«ወጣ ብያለሁ እኮ።»

«አይተኸዋል ወይ?»

«ማውጣት ሌላ፣ ማየት ሌላ። እኔ የማውጣቱን ነበር የያዝኩት።»

ጋሽ ፍንጣሪ ክንዱን ለቀቀው። ያቺ የብረት ቅንጣት ዛሬም ዓይኑ ውስጥ ካለች፣ ክፍል የሚያህል ማግኔት ፊት ሲቀርብ ምን ታደርጋለች? ትወጣለች። በየት በኩል እንደምትወጣ ማሰብ አልፈለገም። «ዓይኔ ውስጥ ብረት ሊኖር ይችላል» ብሎ ቢናገር ደግሞ ይመልሱታል፤ ስንት ደጅ የጠናበት ተራ ያልፋል፤ እባጩ መኖር አለመኖሩን ሳያውቅ አንድ ቀን ሶፋው ላይ ጋደም ይላል። ዓይኑና ጭንቅላቱ ሚዛን ላይ ተቀመጡ። ጭንቅላቱን መረጠ። እዋሻለሁ አለ፣ ለራሱ።

ቀጠሮው ደርሶ ሆስፒታል ሄዱ። የማሽኑ ክፍል በር ወፍራም ነበር፤ ጋሽ ፍንጣሪ በር አይቶ ዝም ብሎ ማለፍ አይሆንለትምና ማጠፊያውን እየዳሰሰ «ጎበዝ ነው የሠራው» አለ። ማሽኑን የምታንቀሳቅሰው ባለሙያ ወጣት፣ ፈጣን፣ ፈገግታዋ የማይጠፋ ሴት ናት። ቀበቶ፣ ሰዓት፣ ቁልፍ፣ ሳንቲም አስወለቀችውና ጥያቄዋን ጀመረች። እትዬ ዳኛ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ከጎኑ ተቀምጣለች።

«ልብዎ ላይ የተገጠመ መሣሪያ አለ?»

«ልቤ ራሱ በቅጡ አልተገጠመም፣ እመቤቴ።»

«ቀዶ ጥገና ተደርጎልዎ ያውቃል?»

«እግዜር ይጠብቀኝ!»

«ሥራዎ ምንድን ነው?»

«ልብስ ሰፊ ነኝ።»

እትዬ ዳኛ ቀስ ብላ ወደሱ ዞረች። መርፌ አይቶ ከሸሚዙ ጋር የሚሮጥ ልብስ ሰፊ በዓለም ላይ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። ግን ሰው ፊት ባሏን ማዋረድ አልፈለገችም፤ ለጊዜው ከንፈሯን ነከሰች።

«ጥሩ» አለች ባለሙያዋ። «ፍንጣሪስ?»

«አቤት!»

«አይ፣ ፍንጣሪ አለ ወይ ነው ያልኩት።»

«አለሁ! እዚሁ ነኝ።»

«ጋሼ፣ ፍንጣሪ አለብዎት ወይስ የለብዎትም?»

«የለብኝም። ነኝ እንጂ!»

ባለሙያዋ እጇን አገጯ ላይ አድርጋ ሁለቱን እያፈራረቀች አየቻቸው። እትዬ ዳኛ መጀመሪያ ሳቋ አመለጣት፤ ሳቋ ሳያልቅ ዓይኗ እንባ ሞላ።

«ስሙ ነው፣ ልጄ። በያጅ ነው እኮ! ዕድሜውን ሙሉ ብረት ሲሞርድ የኖረ ሰው ነው፤ የምን ልብስ ሰፊ! አንተ ሰው፣ በኔ ፊት ማንን ልታታልል ነው? ዓይንህንስ ምን ልታደርገው ነው?» ባሏ ያኔ ጠረጴዛ ላይ መጋደሙን፣ የመዶሻውን አውራ ጣት፣ ባለጢሙን ማግኔት ሁሉንም ዘረገፈችው።

የባለሙያዋ ፈገግታ ጠፋ። ሳትቆጣ፣ ሳትጮህ፣ ቀስ ብላ ተናገረች፤ ይህ ከቁጣው ይልቅ አስፈራው። «ጋሼ፣ ይህን ሳላውቅ አስገብቼዎት ቢሆን፣ ዓይንዎ ውስጥ ያለች የአሸዋ ቅንጣት የምታህል ብረት እየተንቀሳቀሰች ዓይንዎን ልትቀደው ትችል ነበር።»

ጋሽ ፍንጣሪ ሁለቱንም ዓይኖቹን በሁለት መዳፎቹ ከደነ፤ እንዳይሸሹበት።

እንደፈራው ግን አልመለሱትም። መጀመሪያ ራጅ አነሱት። ዓይኖቹ ንጹሕ ነበሩ፤ መዶሻው ያወጣው እውነቱን ይሁን ወይም ቀድሞውንም የገባ ነገር አይኑር፣ ይህን እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። ግንባሩ ላይ ግን፣ ፀጉሩ ከሚጀምርበት ሥር፣ ከቆዳው በታች አንዲት ነጭ ነጥብ በራች። ምስል የምታነበው ሐኪም መጣችና ቦታውን በጣቷ ጫን ጫን አደረገችው። ጠጠር ያለች ጠባሳ ነበረች፤ ጋሽ ፍንጣሪ ግን ኪንታሮት ናት ብሎ ይዟት ሲኖር ከርሟል።

«ብረት ናት» አለች ሐኪሟ። «ከዓይንዎ ርቃለች፣ ሥጋ ይዟታል፣ የምትሄድበት የለም። ትንሽ ልትሞቅ፣ ትንሽ ልትስብዎት ትችላለች። ምስሉንም በሷ በኩል ታበላሽብናለች፤ እንችለዋለን። ካስቸገረዎት ይህን ኳስ ይጭመቁ፣ ወዲያው እናወጣዎታለን።»

ጋሽ ፍንጣሪ «ከዓይንዎ ርቃለች» ከሚለው ቀጥሎ የተነገረውን አልሰማም። አንዳች ለስላሳ ኳስ እጁ ላይ ተቀመጠ፤ ራሱ ላይ እንደ ብየዳ ማስክ ያለ ቀፎ ተደፋ፤ አልጋው ተንሸራቶ ወደ ቱቦው አስገባው። የቱቦው ጣሪያ አፍንጫውን ሊስመው ደርሶ ነበር።

ከዚያ ማሽኑ ጀመረ። ግው ግው ግው፣ ጥር ጥር ጥር፣ ደግሞ ሳይሪን የሚመስል ጩኸት። የሚገርመው፣ ጩኸቱ አላስፈራውም። በልጅነቱ የጀመረውን ሥራ፣ ላሜራ ሲቀጠቀጥ የሚሰማውን ጫጫታ መሰለው፤ ሊያንቀላፋ ሁሉ ቃጣው። ያስፈራው ዝምታው ነው። ማሽኑ ምስሉን በተለያየ ስልት፣ በዙር በዙር ነው የሚያነሳው፤ ባለሙያዎቹ እያንዳንዱን ዙር ሲኩዌንስ ይሉታል። ከአንዱ ዙር እስከሌላው ድረስ ጸጥ ይላል። በዚያ ጸጥታ ውስጥ ግንባሩ ላይ ያለችው ቅንጣት በቀጭን ክር እንደተጎተተች ስትቆነጥጠው ተሰማው። ይኸው፣ አለ በልቡ፣ ልትሄድ ነው።

በዚህ መሃል ከጆሮው ላይ ካለው ማዳመጫ ድምፅ መጣ። ባለሙያዋ ከታካሚው ጋር የምታወራበትን ቁልፍ ክርኗ ተጭኖት ኖሯል፤ የምታወራው ግን ከጎኗ ካለው ባልደረባዋ ጋር ነበር።

«ኧረ ና እይልኝ! ግማሽ ግንባሩ የለም!»

«ወይ ጉድ! አንዱ ዓይንም አብሮ ሄዷል እኮ።»

«ብርቱካን የሚያህል ጉድጓድ! ሰውየው አጭር ናቸው ብለን ስንስቅ ጭራሽ አለቁብን!»

ባለሙያዎቹ የሚሳሳቁት በምስሉ ነው። የብረቷን ነገር ስለሚያውቁ ጥቁሩ ጉድጓድ የምስል ብልሽት መሆኑን አላጡትም። ቱቦ ውስጥ የተጋደመው ሰው ግን ይህን በምን ይወቅ? ጋሽ ፍንጣሪ በመጀመሪያ ቀኝ ዓይኑን ገለጠ። ያያል። ግራውን ገለጠ። እሱም ያያል። ይሁንና የሞተ ሰው ዓይኑ ማየት የሚያቆመው መቼ እንደሆነ የነገረው ስለሌለ አልተጽናናም። እባጩ ነው። ግንባሬን በልቶ ጨርሷል። ወንድሜንም እንዲህ ነበር የበላው። ኳሱን ለመጭመቅ ጣቶቹን አዘዘ።

ኳሱ የተቀመጠው ግራ እጁ ላይ ነበር።

ጣቶቹ አልሰሙትም። ደግሞ አዘዛቸው፣ ለመናቸው፣ ሰደባቸው። ኳሱ ከመዳፉ ተንከባሎ ከአልጋው ሥር ወደቀ። «እህቴ!» ብሎ ሊጮህ ሲል አዲሱ ዙር ግው ብሎ ጀመረና ድምፁን ዋጠው። ከዚያ ወዲያ ያለውን ጊዜ ጋሽ ፍንጣሪ ሲናገር «አንድ ዓመት ከመንፈቅ» ይላል። በዚያ ጊዜ ውስጥ የወንድሙን ፊት ሶፋው ላይ እንዳለ አየው። የለበሰውን ሹራብ፣ ያላወለቃትን አንዲቱን ጫማ ሁሉ አየ።

ዙሩ አለቀ። ቁልፉ አሁንም እንደተጫነ ነው።

«ይኸው፣ በዚህኛው ግንባራቸው ተመለሰ! ትንሽ ጭረት ብቻ ቀረች።»

ተመለሰ? ጋሽ ፍንጣሪ ጆሮውን አቆመ። ከዚያ የሴትየዋ ድምፅ ዝቅ አለ፤ ሳቁ ከውስጡ ወጥቶ ሄዶ ነበር።

«ቆይ። ወደ ፊተኛው ልመለስ። ይህቺን አየሃት? ከብረቱ ራቅ ያለችዋን። እዚህ ጥልቁ ጋ።»

«እ… አዎ። እዚያም አለች፣ ትንሿ።»

«ዶክተርን ጥራቸው።»

ከዚያ ቁልፉ ተለቀቀ መሰለኝ፣ ማዳመጫው ዝም አለ።

ሲያወጡት ልብሱ በላብ ርሶ እንደ ታጠበ ሰው ነበር። ሐኪሟ እሱንና ሚስቱን ከስክሪኑ ፊት አስቀመጠቻቸው። እትዬ ዳኛ ታያለች፤ እሱ ወለሉን ያያል።

«ግንባሬ የታለ?» አለ መጀመሪያ።

ሐኪሟ ባለሙያዋን ገረመም አደረገቻት፤ ባለሙያዋ መሬት ብትውጣት ትመርጥ ነበር። «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ቁልፉን…» ብላ ተንተባተበች።

«ግንባርዎ ቦታው ላይ ነው» አለች ሐኪሟ። «ምስሉ ነው የዋሸው። እንዴት እንደሚዋሽ ልንገርዎት። ሰውነታችን ውሃ ነው፤ ውሃው ውስጥ እጅግ ጥቃቅን የሆኑ ማግኔቶች አሉ። ትልቁ ማግኔት ሲመጣ ይሰለፋሉ። ማሽኑ በራዲዮ ሞገድ ይነካካቸዋል፣ እነሱ ድምፅ ይመልሳሉ፣ ምስሉ የሚሠራው ከዚያ ድምፅ ነው። ሁሉም እኩል እስከዘመሩ ድረስ ጥሩ ይሰማል። ግን ሥጋ፣ አጥንት፣ አየር፣ ደም በማግኔት ፊት ጠባያቸው አንድ አይደለም። አንዱ ማግኔቱን በትንሹ ይገፋል፣ አንዱ በትንሹ ያጠናክራል። ብረትማ ይብሳል። አጠገቡ ያሉትን ሁሉ ዜማ ያስታቸዋል። አንዱ ቀድሞ፣ አንዱ ዘግይቶ ሲዘምር እርስ በርስ ይጠፋፋሉ። ድምፅ ከጠፋ ምስሉ ጥቁር ነው። የአሸዋ ቅንጣት ብርቱካን የሆነችው ለዚህ ነው።»

«በሁለተኛው ለምን ተመለሰ ታዲያ?» አለች እትዬ ዳኛ። ምስክር የምትጠይቅ ነው የሚመስለው።

«እሱኛው ስልት መሃል ላይ ‹ዙሩ!› ይላቸዋል። ሩጫ ላይ እንዳሉ ልጆች ያስቧቸው። ሲዞሩ የቀደመው ኋላ ይሆናል፣ የዘገየው ፊት ይሆናል፣ መነሻው ላይ አብረው ይደርሳሉ። ስህተቱ አብዛኛው ይጠፋል። የመጀመሪያው ስልት ግን አያዞራቸውም፤ ስህተቱን እንዳለ ያሳያል።»

ጋሽ ፍንጣሪ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለ። «ማግኔት የያዘው ቱቦ ስበይድ እንደዚያ ነው የሚያደርገኝ። መገጣጠሚያው እዚህ ሆኖ እሳቱ ወደዚያ ይሸሽብኛል።»

«በሉ፣ ነገሩ እሱው ነው።»

«ዋሾ ከሆነ ታዲያ የመጀመሪያውን ለምን ታነሱታላችሁ?»

ሐኪሟ ወደ ስክሪኑ ዞረች። ጣቷን ስክሪኑ ላይ አሳረፈች፤ ከጥቁሩ ጉድጓድ ርቆ፣ ከጭንቅላቱ ጥልቅ ቦታ፣ ጉንዳን የምታህል ጥቁር ነጥብ ነበረች። ከወዲያ ደግሞ ሁለት ከሷ ያነሱ።

«ለነዚህ ስንል። ሌላው ስልት እነዚህን ይቅር ብሎ ያልፋቸዋል። ይሄ ግን አያልፍም።»

«እባጭ ነው?» አለ። ቃሉ ከአፉ ሲወጣ የሰማው እሱ ብቻ ይመስል ነበር።

«እባጭ የለም። በሁሉም ስልት አይተነዋል፤ የለም።»

እትዬ ዳኛ «ተመስገን» ልትል ስትል የሐኪሟን ፊት አይታ አቆመችው።

«ይህቺ ነጥብ የድሮ ደም ናት። ቀጭን የደም ሥር ፈንድታ፣ ትንሽ አፍስሳ፣ ቆማለች። ደሙ ሲጠረግ በውስጡ የነበረው ብረት እዚያው ይቀራል።»

«ዝገት ነው የምትይኝ?»

«ዝገት ይበሉት። መጠኗን ማሽኑ አጋንኗል፤ ከምትታየው ታንሳለች። ከምንም ግን አልፈጠራትም። እጅዎን ያደከመችው እሷ ናት። ሌሎቹ ሁለቱ ድምፅ ሳያሰሙ ነው ያለፉት። ቀጣዩ ትልቅ ቢሆን…» አልጨረሰችውም። «ደም ግፊትዎን ተለክተው ያውቃሉ?»

«እሱን እፈራለሁ።»

ለኩት። ክንዱ ላይ የተጠመጠመው ጨርቅ ተነፋ፣ ተነፋ፣ ሊያቆም ነው ሲሉት ደግሞ ተነፋ። ቁጥሩ ሲወጣ ሐኪሟና ባለሙያዋ ተያዩ። ጋሽ ፍንጣሪ ያንን መተያየት ከብርቱካኑ ጉድጓድ አብልጦ ፈራው።

«ወንድሜን የገደለው እባጭ ነበር» አለ።

«ማን ሐኪም ነው ያየው?»

«ሐኪም አላየውም።»

«እባጭ ነው ያለው ማነው ታዲያ?»

ጋሽ ፍንጣሪ ሚስቱን አየ። ሚስቱም አየችው። ያን ቃል ማን እንደተናገረ ሁለቱም አያውቁትም። በዚያ ቃል ግን ይህን ሁሉ ዓመት ኖሯል፤ እሱን ሲጠብቅ፣ ሲሸሸው፣ ጥላውን ሲፈራው።

«ግፊቱ ተለክቶ ያውቃል?»

«እኔ እስከማውቀው የለም።»

ሐኪሟ በቀስታ ራሷን ነቀነቀች። «ምናልባት እባጭ አልነበረም። ይህ በቤተሰብ የሚሄድ ነገር ነው። ልጆች አሉት ወንድምዎ?»

«አንዲት ሴት ልጅ። አስተማሪ ናት።»

«ትለካ። እርስዎ መድኃኒትዎን አንድም ቀን እንዳያቋርጡ። ጨው ይቀንሱ። ከሁሉ በላይ ደግሞ አይደንግጡ፣ አይፍሩ፤ ፍርሃት ራሱ ግፊቱን ይሰቅለዋል።»

በሮ ለሚሄድ ወፍ «አትብረር» እንደማለት ነው። ጋሽ ፍንጣሪ ከሆስፒታሉ ሲወጣ አዲስ ነገር ያዘው፤ መፍራትን ፈራ። መኪና ጥሩምባ ሲነፋ ደነገጠ፤ በመደንገጡ ደነገጠ። ሚስቱ ክንዱን ይዛ «ተረጋጋ» ስትለው «አትጩኺብኝ፣ ሥሬ ይፈነዳል!» አላት። ያልጮኸችው ሴት ድንጋጤዋን ዋጥ አድርጋ በሹክሹክታ «እሺ» አለች። ይግባኝ የማይባልባት ዳኛ ከዚያ ቀን በፊት እሺ ስትል ሰምቶ አያውቅም፤ ይህም አስፈራው።

በመንገዳቸው መድኃኒት ቤት ገብተው የደም ግፊት መለኪያ ገዙ። ቤት አልሄዱም፤ ጋሽ ፍንጣሪ ራሱ ነው «በወንድሜ ቤት በኩል እንለፍ» ያለው።

የወንድሙ ልጅ በሩን የከፈተችው በአንድ እጇ የተማሪ ደብተር ይዛ፣ በሌላው ግንባሯን እያሸች ነው። ሶፋው ዛሬም በዚያው ቦታ ነበር።

«አጎቴ! ምን እግር ጣላችሁ? ፊትህ ምን ሆኗል?»

«ግንባርሽን ምን ሆንሽ?» አለ።

«ራሴን ነው። ልጆቹ ሲንጫጩ ይውላሉ፣ ማታ ይለቀኛል። ግቡ እንጂ።»

«እጅጌሽን ሰብስቢ።»

«ለምን?»

«ሰብስቢ አልኩሽ፣ እናቴ።»

መለኪያውን አይታ ሳቀች። «አንተ ነህ የምትለካኝ? አንተ፣ መርፌ አይተህ የምትሮጠው? ኧረ ተወኝ፣ ቁጥሩ ያስፈራኛል፤ ባላውቀው ይሻለኛል።»

ጋሽ ፍንጣሪ ሶፋው ላይ አስቀመጣትና ፊቷ ተንበረከከ፣ ብረት ሊበይድ እንደሚንበረከክ። ጨርቁን ክንዷ ላይ ሊጠመጥም ሲል ግራ እጁ ሸሸው፤ እትዬ ዳኛ ጎንበስ ብላ ጫፉን ያዘችለት። ቁልፉን ተጫነ። መለኪያው ተነፋ፣ ተነፋ፤ ልጅቷ ፈገግ እንዳለች ነበር፤ ደግሞ ተነፋ፤ ፈገግታዋ ቀስ እያለ ሄደ። የጨርቁ አየር ፍስስ ብሎ ወጣ። ቁጥሩ በራ።

«ስንት ነው?» አለች።

ጋሽ ፍንጣሪ ቁጥሩን አየ። ደግሞ አየው። መፍራት የለብህም የተባለውን አስታወሰ፤ ፈራ።

«አጎቴ፣ ስንት ነው?»

«ጫማሽን አድርጊ» አላት፣ ከጉልበቱ ሳይነሳ ጫማዋን በቀኝ እጁ ወደ እግሯ እየሳበ። «ሁለቱንም። አሁኑኑ እንሄዳለን።»